«ጃዝ ነው የሚለው፣ ጋሼ»

ባለፈው ሰሞን ልጄን ልሸኝ ቦሌ ኤርፖርት ሄጄ ነበር። ኤርፖርት ሸኝቶ የማያውቅ አዲስ አበቤ ካለ እጁን ያውጣ! ሥርዓቱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ሻንጣ ይመዘናል። በርበሬና ሽሮው ከአንዱ ሻንጣ ወደ ሌላው ይዘዋወራል። አክስቶች ያለቅሳሉ። ከዚያ ተጓዡ በሩን አልፎ ይገባል፤ ሸኚው እውጭ ይቀራል። እኔም ቀረሁ። ልጄ ከመስተዋቱ ወዲያ ሆና እጇን ስታውለበልብ፣ ዐይኔ ስለደከመ ይሁን በሌላ ምክንያት፣ ከሰዉ መሃል የትኛዋ እሷ እንደሆነች ጠፋችኝ። ለማላውቃት ልጅ እጄን ሳውለበልብ ቆይቼ ወጣሁ።

ቤቴ ገርጂ ነው። ግን በዚያ ሰዓት ባዶ ቤት ገብቶ መብራት ማብራቱ ከበደኝ። ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ገና ያልተዘጋ ካፌ አገኘሁና ገባሁ። ስሙን አልጠቅስም፤ ብጠቅሰውም ለውጥ የለውም፣ ቦሌ ውስጥ ብዙ መንትዮች አሉት። ቡናማ ሶፋ፣ ቢጫ አምፖል፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሜኑ፣ ድምፁ ተዘግቶ ኳስ የሚያሳይ ቴሌቪዥን። ከእኔ ሌላ አምስት ስድስት ሰው ነበር፤ ሁሉም ስልኩን ይጎረጉራል። የዝንጅብል ሻይ አዝዤ ተቀመጥኩ።

ጥግ ላይ ከተሰቀለችው ስፒከር ፒያኖ ይሰማል። ፒያኖ ብቻ! ከበሮ የለ፣ ቤዝ የለ፣ ዘፋኝ የለ። መጀመሪያ ልብ አላልኩትም። ካፌ ውስጥ ሙዚቃ ማን ያዳምጣል? በኋላ ግን አንዲት የዜማ ሐረግ ብድግ ብላ፣ ተንቀጥቅጣ፣ ወደነበረችበት ስትመለስ ብርጭቆውን አፌ ድረስ አድርሼ አቆምኩት። አወቅኋቸው። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ናቸው።

አስተናጋጁን ጠራሁት። ሃያ ዓመት ቢሞላው ነው።

«ይቺ የተከፈተችው ሙዚቃ የማን ናት?»

«ልቀይረው ጋሼ?»

«ኧረ አትቀይር! የማን ናት ነው ያልኩህ።»

ወደ ባንኮኒው ሄደና ስልኩን አይቶ ተመለሰ። «ጃዝ ነው የሚለው፣ ጋሼ» አለኝ።

ልቆጣ ነበር። መምህር የነበረ ሰው ቁጣው ቅርብ ነው፤ ስህተት ባየ ቁጥር ቀይ እስክሪብቶ ያምረዋል። ነገር ግን እስክሪብቶዬን ከማውጣቴ በፊት፣ እኔ ራሴ የወደቅሁበት የፈተና ወረቀት ትዝ አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለው ፈረንሳዊ የሚያዘጋጀው «ኤቲዮፒክስ» የተሰኘ የሲዲ ተከታታይ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ሃያ አንደኛ ቁጥሩን ለእማሆይ ፒያኖ ሰጠ። በዚያ ዘመን ሥነ ጽሑፍ አስተምር ነበር። አንድ ተማሪዬ የሲዲውን ግልባጭ አምጥቶ «መምህር፣ ይህን ይስሙልኝ» አለኝ። ወሰድኩት። ማታ የተማሪ ወረቀት እያረምኩ ከፈትኩት። አንዱን ቁራጭ ሰማሁ፤ የሁለተኛውን ደግሞ ግማሽ። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ልጁ በጉጉት ሲያየኝ፣ በተማሪው ሁሉ ፊት «የከንቲባ ልጅ የሳሎን ጨዋታ ናት» አልኩት። ክፍሉ ሳቀ። ልጁ አልሳቀም።

ያቺን ዐረፍተ ነገር ዛሬ እንደ ሒስ ላያት ፈለግሁ። «የከንቲባ ልጅ» ያልኩት እውነት ነው። በ1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲወለዱ ስማቸው የውብዳር ነበር፤ አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ ናቸው። በስድስት ዓመታቸው፣ በኋላ የመጀመሪያዋ የፓርላማ ሴት አባል ከሆኑት ከእኅታቸው ከስንዱ ገብሩ ጋር፣ ስዊዘርላንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ገቡ። ቫዮሊንና ፒያኖ እዚያ ጀመሩ። እኔ ይህን ሰማሁና ሙዚቃውን የሰማሁት መሰለኝ። በደርግ ጊዜ ያደግን ሰዎች ነና! የሰው ድርሰት ከማንበባችን በፊት አባቱ ስንት ጋሻ መሬት እንደነበረው መጠየቅ ለምዶብናል።

የቀረውን ታሪክ ግን አልጠየቅሁም። ጣልያን አገሪቱን ሲይዝ ከነቤተሰባቸው አሲናራ ወደምትባለው ደሴት በግዞት ተወሰዱ። ከነፃነት በኋላ ካይሮ ላይ አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ከተባለ ፖላንዳዊ የቫዮሊን መምህር ተማሩ። ለንደን ሄደው ሙዚቃ የሚያጠኑበት ዕድል ደጃቸው ከደረሰ በኋላ ፈቃድ ተከለከሉ። ያን ጊዜ ሁሉን ትተው ወሎ፣ ግሸን ማርያም ገቡ፤ መነኰሱ። ዐሥር ዓመት ግድም በባዶ እግራቸው ኖሩ። በኋላም ጎንደር ላይ ያሬዳዊ ዜማ ሲማሩ፣ የቆሎ ተማሪው ለምኖ ውጭ ሲያድር አዩ። የመጀመሪያ ሸክላቸው እ.ኤ.አ. በ1967 ጀርመን አገር የታተመው ለችግረኞች ገንዘብ ለማግኘት ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 ኢየሩሳሌም፣ ደብረ ገነት ገዳም ገቡ፤ እዚያው ኖረው በመጋቢት 2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው ዐረፉ።

አንባቢዬ እዚህ ላይ «አየህ፣ ስንት መከራ ያዩ ሴት ናቸው!» ሊለኝ ይችላል። ቆይ! መከራ ብቻውን ዜማ አይሆንም። ብዙ መከራ ያዩና መጥፎ ግጥም የጻፉ ሰዎች አውቃለሁ፤ አንዳንዶቹን ወረቀት አርሜያለሁ። በአባታቸው ምክንያት ሙዚቃቸውን መናቅና በባዶ እግራቸው ምክንያት ሙዚቃቸውን ማድነቅ አንድ ዓይነት ስንፍና ነው። ሁለቱም ጆሮን ሥራ ያስፈታሉ። እኔ የመጀመሪያውን ስንፍና ሠራሁ፤ ዛሬ ብዙዎቻችን ሁለተኛውን እየሠራን ነው። እንግዲህ እናዳምጥ።

በዚያች ሌሊት ካፌው ውስጥ የነበረው፣ እንግሊዝኛ ርእሱ «ዘ ሆምለስ ዋንደረር» የሚለው ነው። እኔ «ቤት የለሹ መንገደኛ» ልበለው። የዚህ ቁራጭ ጠባይ የሚጀምረው ከአንድ ችግር ነው፤ ፒያኖ ለእኛ ዜማ የተመቸ መሣሪያ አይደለም። ማሲንቆ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ተንሸራትቶ ይደርሳል። የመሪጌታ ጉሮሮም እንደዚያው። ፒያኖ ላይ ግን በአንዱ ቁልፍና በሚቀጥለው መካከል ምንም የለም፤ ወይ እዚህ ነህ፣ ወይ እዚያ ነህ። ታዲያ እማሆይ ምን ያደርጋሉ? ማረፍ የሚፈልጉበትን ድምፅ በቀጥታ አይመቱትም። አጠገቡ ያሉትን ነካ ነካ አድርገው፣ አንቀጥቅጠው፣ ዞር ብለው ይደርሱበታል። ያ መንቀጥቀጥ የአውሮፓ ፒያኖ ተጫዋች ለጌጥ ከሚያስገባው ጋር ሲታይ ይመሳሰላል። ሥራው ግን ሌላ ነው፤ ማሲንቆው የሚንሸራተትበትን መንገድ ፒያኖው በሩጫ ይሸፍነዋል። ጌጡን ብታወጣው ዜማው ራሱ ይጠፋል።

ሁለተኛው ነገር የሁለቱ እጆች አለመግባባት ነው። ግራ እጅ የተማረው ስዊዘርላንድና ካይሮ ነው። ዝቅ ያለ ድምፅ፣ ከዚያ ደጋፊ ኅብር፤ አንዳንዴም አንድ ሁለት ሦስት የሚል የቫልስ ጭላንጭል። ቀኝ እጅ ግን በእኛው ቅኝት ነው የሚሄደው፤ አምስት ድምፅ ይዞ። የአውሮፓ ኅብር ጠባዩ ወደፊት መገፋት ነው፤ «ከዚህ ቀጥሎ ወደ ቤት» እያለ ይጎትታል። ባለ አምስት ድምፁ ዜማ እንደዚያ አይጣደፍም። በየመንገዱ ያርፋል፣ የተለመደውን መልሶ ይለዋል፣ እንደገና ይነሣል። ግራ እጅ ደርሶ ይጠብቃል፤ ቀኝ እጅ ይዘገያል። ሙዚቃው ያለው በዚያ መዘግየት ውስጥ ነው። መንገደኛው ቤቱን ያጣው ርእሱ ላይ ብቻ አይደለም፤ አንዱ እጅ ቤት ብሎ የጠራውን ሌላው እጅ ስለማይቀበለው ነው።

ፈረንጆቹ ይህን ሙዚቃ ሲያስረዱ አንዴ ሾፐን፣ አንዴ ሳቲ፣ አንዴ ዴቡሲ ይላሉ። አልፈርድባቸውም፤ ሰው በሚያውቀው ይለካል። እኔ ደግሞ የማውቀው የአማርኛ ግጥም ነውና በዚያ ልለካው። ወል ቤት የምንለውን የግጥም ዓይነት ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ስድስት ቀለም ትሉና ትንፋሽ ትወስዳላችሁ፤ ስድስት ትሉና ቤት ትመታላችሁ። በመካከል ያለችውን እረፍት ሰዓት አይለካትም። ደስ ያለው ያሳጥራታል፤ ሐዘን ያለበት ያስረዝማታል። ለቅሶ ቤት የምታንጎራጉር ሴት ያቺን እረፍት ምን ያህል እንደምታስረዝማት ሁላችንም ሰምተናል። የእማሆይ ፒያኖ የሚቆጠረው እንደዚያ ነው። በእግር ምት ልትከተለው ብትሞክር እግርህ ይሳሳታል። በትንፋሽ ከተከተልከው ግን አብረኸው ትሄዳለህ።

ጃዝ አይደለም የምለው ለዚህ ነው። የጃዝ ጠላት አይደለሁም። የሙላቱ አስታጥቄ ኢትዮ ጃዝ በራሱ ትልቅ ነገር ነው። ግን ጃዝ የብዙ ሰው ስምምነት ነው፤ ከበሮና ቤዝ መሬቱን ያነጥፋሉ፣ ሌላው በዚያ መሬት ላይ እንደልቡ ይሮጣል፣ ቢጠፋም መመለሻውን ያውቃል። ለእማሆይ መሬት የሚያነጥፍላቸው የለም፤ የሚስማሙት ከራሳቸው ትንፋሽ ጋር ነው። ደግሞም በጊዜው ከጣት የመጣ ጨዋታ አይደለም። የተደረሰ፣ በኖታ የተጻፈ ሥራ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2013 የኖታ መጽሐፋቸው ታትሞ ሌላም ፒያኖ ተጫዋች ያነበዋል። «ኤቲዮፒክስ» ውስጥ ከእነሙላቱና ከእነማሕሙድ አሕመድ ጎን ስለተደረደረ ጃዝ መሰለ እንጂ፣ እኔን ብትጠይቁኝ ዘመዶቹ ሌላ ናቸው። የመጀመሪያው የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ዳይሬክተር አሸናፊ ከበደ የእረኛን ዋሽንት ከኦርኬስትራ ጋር ለማገናኘት የደከሙት ድካም፣ ግርማ ይፍራሸዋ በእኛ ዘመን አምባሰልን ለፒያኖ ያደረገው ሙከራ፣ እነዚህ ናቸው ዘመዶቹ። ጥያቄያቸው አንድ ነው፤ ያንተ ያልሆነ መሣሪያ ይዘህ ያንተ የሆነውን ነገር እንዴት ትናገራለህ?

ጉድለት የለውም ወይ? አለው። አልበሙን ከዳር እስከ ዳር በአንድ ቁጭታ የሰማ ሰው፣ አንዱን ቁራጭ ከሌላው ለመለየት ይቸገራል። ያቺው መንቀጥቀጥ፣ ያቺው አወራረድ ትመላለሳለች። ግራ እጅ አልፎ አልፎ ይሰንፍና እውነትም የሳሎን ቫልስ ይሆናል፤ ያን ጊዜ የወጣትነቴ ቧልት ፈጽሞ ሐሰት አልነበረም እላለሁ። አንዳንዱ ሥራ ደግሞ ለምን እዚህ ጋ እንደቆመ አይገባኝም፤ ያለቀ ሳይሆን የተተወ ይመስላል። ይህን መናገር ንቀት አይደለም። ጉድለቱን የማናነሣበት ሰው ሐውልት ሆኗል ማለት ነው፤ ሐውልትን ደግሞ ማንም አያዳምጠውም።

እኔን ሙሉ ለሙሉ የረታኝ ግን ከፒያኖው ይልቅ ድምፃቸው ነው። በደርግ ዘመን አዲስ አበባ ቤታቸው ውስጥ ሆነው በካሴት የቀዱት ሥራ፣ ካረፉ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2024 «ሱቬኒርስ» ተብሎ ወጣ። እዚህ ላይ ይዘፍናሉ፤ ያውም በአማርኛ። የሠለጠነ ድምፅ አይደለም። ቀጭን ነው፣ አንዳንዴም ይሰበራል። ነገር ግን ድምፃቸውና ቀኝ እጃቸው እኩል ሲሄዱ ስሰማ ያ ሁሉ መዘግየት ከየት እንደመጣ ገባኝ። የአማርኛ አነጋገር ነዋ! ቃሉን ከመናገር በፊት ትንሽ ማመንታት፣ ከተናገሩት በኋላ ዝም ማለት። ያለ ቃል የሰማሁት ፒያኖ ሁሉ ለካ ሲናገር ኖሯል። ያኔ ያንን ተማሪዬን ፈልጌ ይቅርታ ልጠይቀው አሰብኩ። ጠያየቅሁ፤ ውጭ አገር ሄዷል አሉኝ። እሱንም ቦሌ ነው የዋጠው።

እና ይህ ሙዚቃ ዛሬ የት ነው ያለው? አሜሪካኖቹ እ.ኤ.አ. በ2020 «ታይም» በተባለ ዘጋቢ ፊልም፣ በ2021 ደግሞ «ፓሲንግ» በተባለ ፊልም ውስጥ አስገብተውታል። ሁለቱም ስለ መለየትና ስለ መደበቅ የሚያወሩ ፊልሞች ናቸው፤ ዳይሬክተሮቹ ሙዚቃው ውስጥ ያለውን ነገር ሰምተዋል ማለት ነው። እኛ ጋ ግን ምንጣፍ ሆነ። ከቦሌ መንገድ እስከ ሲኤምሲ ባሉ ካፌዎችና ሆቴሎች «ለስላሳ ሙዚቃ» ተብሎ፣ ማንኪያ ከብርጭቆ ጋር ሲጋጭ ከሥር እንዲነጠፍ። አንድ ሆቴል ሎቢ ውስጥ እውነተኛ ፒያኖ አይቼ ተደስቼ ብጠጋ፣ ክዳኑ ተዘግቶ የአበባ ማስቀመጫ ተደርጎ አገኘሁት። ከተማችን ለጩኸት ቦታ አጥቶ አያውቅም። ወያላው «መገናኛ! ገርጂ!» ይላል፤ ጄኔሬተሩ ያጓራል፤ የምሽት ክበቡ ግድግዳ ያንቀጠቅጣል። ዝም ብለው የሚቀመጡበት ቦታ ግን ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ሌላ የት አለ? በትንፋሽ የተቆጠረ ሙዚቃ ደግሞ ሌላው ሰው ትንፋሹን ካልሰበሰበ አይሰማም። ለስላሳ የምንለው ነገር ልስላሴው ከላይ ነው፤ ውስጡ ለማልቀስ እምቢ ያለ ሰው አለ።

ይህን ሁሉ ለዚያ ለምስኪን አስተናጋጅ ልነግረው ተዘጋጅቼ ነበር። እውነቴን ነው! ጃዝ ምን እንደሆነ፣ ወል ቤት ምን እንደሆነ፣ ግሸን የት እንዳለች። ጎረምሳው ሂሳብ ይዞ ሲመጣ፣

«ስማ የኔ ልጅ፣ ይህን ሙዚቃ ለምንድን ነው የምትከፍቱት?» አልኩት።

ፈገግ አለ። የሙያ ምስጢር እንደሚነግረኝ ሁሉ ጎንበስ ብሎ፣

«ልንዘጋ ስንል ነው የምንከፍተው፣ ጋሼ። ሰው ተነሥ አይባል፣ ነውር ነው። ይቺን ስንከፍት ግን ትንሽ ይቆይና ራሱ ሂሳብ ይጠይቃል። ምን እንደሆነ እንጃ... ቤቱ ትዝ ይለዋል መሰለኝ።»

ዙሪያዬን አየሁ። አምስት ስድስት የነበሩት ሰዎች ሄደዋል። ወንበሮቹ ጠረጴዛ ላይ ተገልብጠዋል። የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ሂሳቤን ከፈልኩና ወደ ገርጂ ሄድኩ።